ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ባለፈው እሑድ የልጄ ላፕቶፕ አልነሣም አለ። ይበራል፤ ማራገቢያው እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል፤ ዓርማው ብቅ ይላል፤ ከዚያ ድርግም። ልጄ ማኅሌት ዕቃ ሲበላሽባት የምታዝን ሳትሆን ሰው የምትከስ ናት፤ "አባዬ፣ ትናንት የነካኸው አንተ ነህ" ብላ ጀመረች። እኔ የቤቱ ቴክኒሻን ስለሆንኩ፣ ሹመቱን የሰጠሁት ራሴ ብሆንም፣ መነጽሬን አድርጌ ላፕቶፑን ገለበጥኩና ሆዱን መታ መታ አደረግኩት። ይሄኔ እናቴ ከሶፋው ጥግ ሆና፣ ከያዘችው ዳንቴል ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣ "ማን አለበሰው?" አለች።

ማኅሌት ከት ብላ ሳቀች። "አያዬ ደግሞ! ኮምፒውተር እኮ ነው፤ ልብስ አይለብስም።"

እኔ ግን አልሳቅኩም። እኛ ቤት ኮምፒውተር ልብስ ለብሶ ያውቃላ! ለዚያውም እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ ያልለበስኩትን የመሰለ ልብስ።

ያኔ ቤታችን መርካቶ፣ ከበርበሬ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነበር። ጀርባ ስላችሁ ራቅ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ወፍጮው ሲነሣ ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እስክስታ ይወርዳሉ። በርበሬው በበር ይገባል፣ በመስኮት ይገባል፣ ሁሉንም ዘግተን ስንቀመጥ ደግሞ የት እንደሚገባ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። በእኛ ሰፈር ሰላምታ የሚጀመረው በማስነጠስ ነበር። መጀመሪያ "ሀፕቺ!"፣ ቀጥሎ "ይማርህ"፣ ከዚያ በኋላ ነው "እንዴት አደርክ" የሚመጣው። ዝንቡ ሳይቀር አስነጥሶ ነው ወጥ ላይ የሚያርፈው። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ በሩን አልፎ እንደገባ እንባው ዱብ ዱብ ሲል "አይ ናፍቆት!" ብለን አብረን እናለቅስ ነበር። በርበሬው መሆኑን ያወቅነው እንግዳው ሲወጣ እንባው ማቆሙን ስናይ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ብቻ ሻይ በሳንቲም የሚጠጣበት፣ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ሀብታም ነው ተብሎ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ሱሪ ሰፊ ነበር፤ ሱሪዬ ውስጥ ነፋስ ሲገባ ከአትክልት ተራ ወደ አውቶቡስ ተራ በሸራ እንደሚሄድ ጀልባ እገፋ ነበር። ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ ያቆሙ ነበር፤ ዘፈኑን አንዱ ሱቅ ጋ ከጀመርክ፣ ቀጣዩ ሱቅ ጋ አዝማቹን፣ ጎጃም በረንዳ ስትደርስ መጨረሻውን ሰምተህ ትጨርሳለህ። ካሴት መግዛት ለምን ያስፈልጋል? መንገድ መሄድ ይበቃ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ሱቅ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ዘፈኑም በየሰው ጆሮ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሰው ብቻውን ራሱን እየነቀነቀ ሲያልፍ ስታይ "ምን ነካው?" ትላለህ።

ኮምፒውተሩን ያገኘልን ዕቃ አስመጪ ዘንድ ይሠራ የነበረ አጎታችን ነው። አሮጌ ነው፤ ግን ሰፈራችን የገባ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስለነበረ፣ ጎረቤት ሙሽራ እንደመጣልን ሁሉ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሊለን መጣ። ኮምፒውተሩ የመጣው ለእኅቴ ለሰናይት ነው። ሰናይት የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ካላስገባች አትመረቅም። እኔም አንድ ሰሞን የኮምፒውተር ኮርስ ጀምሬ፣ ኪቦርዱ ላይ "ሀ"ን ፈልጌ ሳላገኝ ያቋረጥኩ ባለሙያ ስለነበርኩ፣ የመሣሪያው ጠባቂ ሆኜ ተሾምኩ።

የጽሑፏ ርእስ የወፍጮ ቤት ብናኝ በሠራተኞች ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ ግድግዳውን ዞራ ገባች። የወፍጮው ባለቤት ጋሽ ሙዘይን በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው እዚያችው ተራ ያደጉ፣ ጠዋት ነጭ ቆብ አድርገው ገብተው ለቀትር ሶላት ሲወጡ ቀይ ቆብ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ቆቡ ግን ያው ነው። ሠራተኞቻቸውን እንድታናግር፣ ፎቶም እንድታነሣ ፈቀዱላት። በርእሱ ግን አልተስማሙም።

"ብናኝ አትበይው ልጄ፣ ሲሳይ ነው" አሏት። "ዕድሜ ልኬን ስተነፍሰው ኖሬ ምን ሆንኩ?" ይህን ብለው ሳል ጀመሩ። ሰናይት እስኪጨርሱ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። ሳሉ ረዘመ። ሲጨርሱ "ይሄ ጉንፋን ነው" አሉ።

አሁን ወደ ልብሱ ልምጣ። እናቴን ሰፈሩ እትዬ አስካለ ይላታል፤ የዳንቴል መሥሪያዋ ኪሮሽ ከእጇ ወርዶ አያውቅም። እኛ ቤት ራቁቱን የሚኖር ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ስልኩም ለብሷል። ስልክ ሲጮኽ ገላልጠን እስክናነሣው ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ይመጣ ነበር። እናም ይሄ የተከበረ እንግዳ በርበሬ ሲዘንብበት ዝም ብላ ልታይ አልቻለችም። ሲፒዩውን፣ ማለትም ሞተሩ ያለበትን የቆመውን ሳጥን፣ በክር ለካችው። ወራት ፈጀባት። ስትጨርስ ከራሱ እስከ እግሩ የሚደርስ፣ ታች ዙሪያውን ዘርፍ ያለው ነጭ የዳንቴል ቀሚስ ሆነ። እንዲያውም ዳንቴል ቀዳዳ ስለሆነ በርበሬ ያሳልፋል ብላ ውስጡን በሳቲን ገበር ደፈነችው። ማስነሻ ቁልፏ ብቻ ከፊት በአንዲት ቀዳዳ ታየች። ማውለቅ ሳያስፈልግ ጣትህን ሰደድ አድርገህ ታስነሣዋለህ። እኔ መጀመሪያ ሳየው "እማዬ፣ ይሄማ ሊዳር ነው!" አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዘርፉን አስተካከለች።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ መታመም ጀመረ። ይነሣል፤ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የመስኮት ሥዕል ይመጣል፤ ሰናይት ጽሑፏን ከፍታ ትንሽ እንደሠራች ድርግም። እንደገና ስታስነሣው ሥዕሉ ጋ እንኳ ሳይደርስ ድርግም። እናንተ ይሄኔ ገብቷችኋል። እኛ ግን አልገባንም። ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒት አዘዘ። አንዱ የመብራት ኃይል ማነስ ነው አለ። አንዷ ዓይን ነው አለች፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ ከመጡት ውስጥ ማን በክፉ ዓይን እንዳየው ስም እየጠራች ልትመረምር ስትጀምር እማዬ አስቆመቻት። እኔ ደግሞ በባለሙያነቴ በጥፊ መታሁት። ለቴሌቪዥን ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ተሸክሜው ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ ዶክተር የሚሉት አንድ ጠጋኝ ነበር፤ ሱቁ ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች የተኙበት ክፍል ነው። ከቤት ስወጣ እማዬ ቀሚሱን አውልቃ አስቀርታዋለች። "ምናለሽ ተራ ለብሶ ገብቶ፣ ለብሶ የሚወጣ አለ?" ነበር ያለችው። እውነቷን ነው። ዶክተር ሰካው፤ ተነሣ። ሻይ ጠጣን፤ አልጠፋም። አንድ ሙሉ ካሴት ሰማን፤ አልጠፋም።

"ይሄ ምን ሆነና ነው ያመጣኸው?" አለኝ።

"ቤት ሲሆን ይጠፋል።"

"እዚህስ?"

"እያየኸው!"

"እንግዲያው የታመመው ቤታችሁ ነዋ።"

ወሰድኩት። እማዬ ተቀብላ፣ ብርድ እንዳይመታው ብላ አለበሰችው። ጠፋ። መለስኩት፤ አወለቀችው፤ ዶክተር ጋ ሠራ። አመጣሁት፤ አለበሰችው፤ ጠፋ። መንገዱን ከመልመዴ የተነሣ ሲፒዩው ራሱ ብለቀው ምናለሽ ተራ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። መርካቶ ውስጥ ሁለት እጅህ በሳጥን ተይዞ ኪስህ ያለ ጠባቂ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቀልዱ እዚህ ላይ አበቃ፤ ሰናይት ጽሑፏን ሰኞ ማስገባት ነበረባት። ፍሎፒ ላይ እንዳትገለብጠው የወፍጮ ሠራተኞቹ ፎቶ ስላለበት አልገባም አለ፤ ዶክተር ደግሞ ሲዲ የሚጽፍ መሣሪያ አልነበረውም። በእርሳስ የጻፈችው ረቂቅ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። "እዚያው ሱቁ ተቀምጣ ትጨርሰው" አልኩ። እማዬ "ልጄ ምናለሽ ተራ ሬዲዮ መሐል ቁጭ ብላ መጽሐፍ አትጽፍም" አለች፤ በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም። እኅቴ ያን ሳምንት ከሰውነት ወጣች። የሰፈር ሴት ባየቻት ቁጥር "ምርቃትሽ መቼ ነው?" ትላታለች፤ እሷም ፈገግ ትላለች፤ ቤት ገብታ ኪቦርዱ ላይ ግንባሯን ትደፋለች።

በመጨረሻ ቅዳሜ ዶክተር ራሱ ቤት ሊመጣ ተስማማ። "ቤት ቤት የሚል ቫይረስ ነው፤ እቤቱ ገብቼ ፎርማት አደርገዋለሁ" አለ። ፎርማት ማለት የውስጡን ሁሉ ጠራርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የዚያን ዘመን ጠጋኝ መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ኮምፒውተርህ ቢዘገይ ፎርማት፣ ማውስህ ቢጠፋብህ ፎርማት።

እማዬ ዶክተር የሚባል ሰው ቤቷ ሊመጣ መሆኑን ስትሰማ ቀሚሱን አየችው። ነጩ ሳቲን ሮዝ ሆኗል። "በዚህ ልብስማ ሰው ፊት አይቀርብም" ብላ አወለቀችውና አጥባ ደጅ አሰጣችው።

ዶክተር ሲዲውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ደረሰ። ሰናይት በሲፒዩውና በእሱ መካከል ቆመች።

"ፎርማት ልታደርገው ነው?"

"ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም፣ የኔ እኅት።"

"ራሱን ያመመው ሰው ቢመጣልህ አንገቱን ቆርጠህ ነው የምታድነው?"

"እኛ ጋ'ኮ ሌላ አንገት ይተከልለታል!"

"ጽሑፌስ? እሱንም ትተክልልኛለህ?"

ዶክተር ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ "አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ካልሆነ ይሁን" አለች። ሰናይት ከሲፒዩው ፊት ገለል ብላ እሺ አለች። ከጠፋ ይደመሰሳል፤ እኔም የቀረውን በቃል እየነገረችኝ እስከ ሰኞ ልጽፍላት ቃል ገባሁ። "ሀ"ን እስካገኝ ሰኞ እንደሚያልፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዶክተር ቁልፉን ተጫነ። ተነሣ። ሁላችንም ጠበቅን። ሻይ ቀረበ። አልጠፋም። ወፍጮው ጮኸ፣ ብርጭቆዎቹ ጨፈሩ፣ ኮምፒውተሩ አልጠፋም።

"አያችሁ?" አለ ዶክተር እግሩን አጣጥፎ። "ፈርቶኝ ነው። እኔን ሲያይ ቫይረሱ ራሱ ይደበቃል።"

"እንግዲያውስ እስከ ሰኞ አትሂድ" አለችው ሰናይት፤ ተቀምጣም የመጨረሻውን ምዕራፍ መጻፍ ጀመረች። ዶክተርም ስለተፈራ ምሳ ቀረበለት። እኔም ደስ ብሎኝ አጎረስኩት።

የእኛ ሰፈር ፀሐይ ልብስ ቶሎ ታደርቃለች። እማዬ ቀሚሱን ይዛ ገባች፤ ሳቲኑ እንደገና ነጭ ሆኗል። የሰናይትን ሥራ እንዳታቋርጥ ቀስ ብላ ከላይ አጠለቀችለት፤ ዘርፉን አስተካከለች። "እንዲህ ነው እንጂ" አለች። ዶክተር "እጅዎ ይባረክ እትዬ፣ ይሄማ ከእኔ ሚስት ልብስ ይበልጣል" አለ። መብላታችንን ቀጠልን። ሳጥኑ ውስጥ ማራገቢያው ማፏጨት ጀመረ፤ ፉጨቱ ከፍ አለ፤ ከፍ አለ። ድርግም።

ዶክተር ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሰናይት ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሣ ጥቁሩን ስክሪን አየች፣ ከዚያ ቀሚሱን አየች፣ ከዚያ እጇን በዘርፉ ሥር ሰደደች። ወዲያው መለሰችው፤ አቃጥሏታል።

"እማዬ" አለች በቀስታ፣ "አውልቂለት።"

"ምኑን?"

"ቀሚሱን። አፍኖታል።"

የእናቴን ፊት ያኔ አይቼዋለሁ። ዛሬ ድረስ በቀልድ ልነግረው ሞክሬ የማይሆንልኝ እሱ ብቻ ነው። ቀሚሱን አውልቃ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇንም ላዩ ላይ አደረገች።

ዶክተር ብሎኖቹን ፈትቶ ጎኑን ሲከፍተው ከውስጥ የተነሣው ሽታ ሁላችንንም በአንድ ላይ አስነጠሰን። ቀሚሱ ከመሰፋቱ በፊት የገባው በርበሬ ማራገቢያው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሯል። ቀሚሱ መጣና ከውጭ ደፈነው። ሳንባው በበርበሬ፣ አፍንጫው በሳቲን ተዘግቶበት ያን ያህል መሥራቱ ራሱ የሚያስመሰግነው ነው። ስለ ብናኝ መጽሐፍ እየጻፈች ያለችው እኅቴ ዓይኗን ጨፍና "አይ እኔ!" አለች።

"በምን ይጠረጋል?" አልኩ።

"በጎሚስታ" አለ ዶክተር። ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነው ይሄ ነው።

ጎማ ጠጋኙ በአውቶቡስ ተራ በኩል ነበር። ሲፒዩውን ከአንድ የተፈታ የአውቶቡስ ጎማ አጠገብ አስቀመጥነው። ጎሚስታው አየን፤ ሳጥኑን አየ፤ "ስንት ልሙላው?" አለ። የንፋሱን ቱቦ ሲለቅበት የወጣውን ደመና ልገልጽላችሁ አልችልም። ለአንድ ሠርግ ወጥ የሚበቃ ነው። አጠገባችን በቆመው አውቶቡስ ሊሳፈር የተሰለፈው መንገደኛ በሙሉ አስነጠሰ፤ "ይማርህ፣ ይማርሽ" ሲባባል የማይተዋወቀው ሁሉ ተዋወቀ። ሹፌሩ ራሱ ሲያስነጥስ ጥሩምባው ጮኸ፤ አውቶቡሱም ያስነጠሰ መሰለን።

ጋሽ ሙዘይን ወሬውን ሰምተው እቤት ጠበቁን። ዶክተር ከማራገቢያው የላጠውን ያን ቀይ ብርድ ልብስ ጋዜጣ ላይ አስቀምጦት ነበር። ጋሽ ሙዘይን በጣታቸው አነሡት። አልተበጠሰም፤ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

ኮምፒውተሩን ሰካነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አሁንም ጥቁር ነው። ሰናይት የእኔን እጅ ይዛ ነበር፤ የጥፍሯ ምልክት እስካሁን አለ ብላችሁ አታምኑኝም። ከዚያ የመስኮቱ ሥዕል መጣ። ጽሑፏን ከፈተችው። የዚያን ቀን ከጻፈችው ጥቂት ጎድሏል፤ ሌላው ሁሉ፣ ከነፎቶው፣ አለ። ሳቀች፤ አለቀሰች፤ በዚያ ቤት ደግሞ ማልቀስ ምክንያት አይጠየቅበትም።

እማዬ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። "አልብሼ ልገድለው ነበር" አለች። "የልጄን ልፋት።"

"እትዬ አስካለ" አሉ ጋሽ ሙዘይን፣ ያን ቀይ ነገር እንደያዙ፣ "ጨርቁ የርስዎ ነው፤ በርበሬው የኔ ነው። እኩል ነን። የኔን ሞተር ብቻ እንዳያለብሱብኝ።" ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ሳቁን ሊያግዙ ሲሉ ሳላቸው መጣ። ሳሉ ሲያልፍ ግን እንደ ልማዳቸው ጉንፋን ነው አላሉም። ወደ ሰናይት ዞሩ።

"ልጄ፣ ብረቱን እንዲህ ካደረገው፣ የእነዚያን ልጆች ደረት እንዴት አድርጎታል ትያለሽ?"

"እሱን ነው የጻፍኩት ጋሼ።"

"እንግዲያው አንብቢልኝ።"

ቁጭ ብላ አነበበችላቸው። ሰኞ ጽሑፏን አስገባች፤ ተመረቀች። ጋሽ ሙዘይን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ምርቃቷ ሳይደርስ የወፍጮውን ግድግዳ በመንገዱ በኩል አስፈርሰው ሰፊ መስኮት አስከፈቱ፤ ሠራተኞቻቸውም አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ መሸፈን ጀመሩ። እማዬም በዚያው ሰሞን ገበሩን ተርትራ ጣለችው፤ ከቀሚሱ ጀርባ፣ በማራገቢያው ልክ፣ ዳር ዳሩን በአበባ የከበበች ክብ መስኮት ሠራችለት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት መስኮት ተከፈተ። ኮምፒውተሩም ለብሶም ሳይጠፋ ዓመታት አገለገለን።

ዛሬ ያ ወፍጮ ቤት ፈርሶ ሕንፃ ሆኗል፤ እኛም ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ዶክተር ሕንፃው ላይ የስልክ መጠገኛ ከፍቷል፤ አሁንም ፎርማት ይላል።

"ማኅሌት፣ ላፕቶፑን የት አድርገሽ ነበር ስትሠሪ የነበረው?" አልኳት እሑድ ዕለት።

"አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ ጎኑን በብሩሽ ጠረግኩለት፤ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅንና አስነሣሁት። ተነሣ። ልጄ አንድ ክስ ሰረዘችልኝ።

ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስታጠፋው እማዬ ክፍሏ ገብታ ከሻንጣዋ ያን ቀሚስ ይዛ ወጣች። "አሁን ተኝቷል፤ ይልበስ" ብላ በተከደነው ላፕቶፕ ላይ ዘረጋችው። ስንት ጊዜ እንደታጠበ እግዜር ይወቀው። ማኅሌት አበባዋን መስኮት በጣቷ ልትነካ ጎንበስ አለች፣ አፍንጫዋን ጨመደደች፣ ከዚያ "ሀፕቺ!"

መርካቶ አልተወለደችም፤ ያን ግድግዳም አታውቀውም፤ የሰፈራችንን ሰላምታ ግን ጀመረችው።

"ይማርሽ" አለቻት አያቷ፣ ዘርፉን እያስተካከለች። "እንዴት አደርሽ?"